ባለቤት ያጡት አሥራ ዘጠኝ ስሞች

ደብዳቤው በተነበበ ዕለት ባንችይርጋ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ አምስተኛ። ሌላውን ሁሉ፣ አብዮቱንም፣ ንቃቱንም፣ አዲሱን የትምህርት አቅጣጫም፣ ንፋስ ወሰደው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወይራው ሥር ቆሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ሲያነብ ግማሹ ሕዝብ ስለ በልግ ዝናብ ያወራ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ራሱም የሚያነበው የገባው አይመስልም። «አምስተኛ ክፍል» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እሷ አንገቷን ቀና አደረገች።

ነገሩን ወደ ሰው ቋንቋ የመለሰው መምህር አብዱልሀሚድ ነው። አብዱልሀሚድ የመርሳ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ገና ሃያ ሦስት። ሁለት ዓመት ሙሉ አራቱን ክፍል ብቻውን ሲያስተምር፣ ሣር ክዳኑ ሲያፈስበት፣ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ ከርሞ፣ ያን ቀን ፊቱ በርቶ ነበር። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ልዩ ድጋፍ መድቧል አላቸው፤ መቶ ሃምሳ ቆርቆሮ፣ ስሚንቶ፣ ሠላሳ ዴስክ፣ በዚያ ላይ ሁለት መምህራን። ድጋፉን ያገኘ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ወደ ስድስተኛ ያድጋል። ግን እንዲሁ አይሰጥም፤ አዲሱን ሥርዓት በሥራ ያሳየ ቀበሌ ብቻ ነው የሚያገኘው። ተማሪዎቹ የሚያርሱት ማሳ ይኑር፤ ሴቶች የገቡበት የትምህርት ቤት ኮሚቴ ይቋቋም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመሠረተ ትምህርት ከተመዘገቡት መቶ ጎልማሶች ሰማንያ አምስቱ ፈተናውን ይለፉ።

ማሳው በሳምንቱ ታረሰ። ኮሚቴውም ተቋቋመ፤ ከተመረጡት ሦስት ሴቶች ሁለቱ መመረጣቸውን የሰሙት ከገበያ ሲመለሱ ነው። የቀረው ፈተናው ነበር።

ባንችይርጋ ያን ፈተና የፈራችውን ያህል ምጥ አልፈራችም። ልጇ ደብሪቱ በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍል ትጨርሳለች። አምስተኛ ያለው ላሊበላ ነው፤ ከነሱ መንደር የአንድ ቀን መንገድ። ባሏ ደሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርትም አይጠላም። «እዚህ ከተከፈተ ጠዋት ሄዳ ማታ ትግባ» ይላል፤ «ላሊበላ ሰድጄ ግን ለጠላፊ አልሰጣትም።» ልጅቱ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሽማግሌም ሁለት ጊዜ ተልኮባታል። ደሴ «እስከ ሰኔ ታገሡኝ» ብሎ መልሷቸዋል። ሰኔ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር መሆኑን ሽማግሎቹም አላጡትም።

የላኩትስ ማን ሆኑና። ሙሽራው የደብተራ ወልደ ሰንበት የእኅት ልጅ ነው። ወልደ ሰንበት የቀበሌው ጸሐፊ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ በሚያምር እጅ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ከሱ ሌላ ስላልተገኘ አብዮቱ ራሱ ሾመው። ቀን ቀን የገበሬ ማኅበሩን መዝገብ ይጽፋል። ማታ ማታ ስለሚጽፈው ነገር ሰው የሚያወራው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አይቶ ነው። የባንችይርጋ አክስት አሰለች በድንበር ተጣልታው በሳምንቱ አልጋ ላይ ወደቀች፤ ሦስት ዓመት ሳትነሣ ሞተች። የክርስትና ስሟን ከማን እንደሰማ እንጃ፤ አውቆት ነበር ይባላል።

ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ ከውኃ መልስ፣ ሴቶቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተኮልኩለው ፊደል ቆጠሩ። ባንችይርጋ ለንባቡ ፈጣን ነበረች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። በተለይ «ጊ» ላይ ስትደርስ እግሩን እስከ ታችኛው መስመር ትጎትተዋለች። አብዱልሀሚድ በየቀኑ «አሳጥሪው፣ እትየ» ይላታል፤ እሷም በየቀኑ እሺ ትልና ትጎትተዋለች። ጓደኛዋ አስቻለች አጠገቧ ተቀምጣ ትስቅባት ነበር።

የፈተናው ዕለት ወረቀት ታደለ። «ከላይ ሙሉ ስማችሁን ጻፉ» አለ አብዱልሀሚድ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱም ችግሩ የገባው መስሎት ቀጠለ፤ «ባንቹ፣ አስቹ የሚለውን የቁልምጫ ስም እንዳትጽፉብኝ። ዋናውን፣ እውነተኛውን ስማችሁን። አብሽሩ፣ ወረቀቱ ታሽጎ ነው የሚሄድ፤ እዚህ ማንም አያየውም።»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ የመርሳ እስላም ልጅ ዋና ስም ማለት አባቱ ያወጣለት ስም ነው፤ አብዱልሀሚድ ሲወለድም አብዱልሀሚድ ነው፣ ሲሞትም አብዱልሀሚድ ነው። የላስታ ክርስቲያን ግን ሁለት ስም አለው። አንዱ የዓለም ስም ነው፤ ማንም ይጠራዋል። ሌላው ቄስ ጠበል አፍስሶ ያወጣው ነው፤ እሱን ወላጅ፣ የክርስትና እናትና የነፍስ አባት ብቻ ያውቁታል። ክፉ የሚሠራ ሰው የሚፈልገውም ይህን ስም ነው፤ ያለሱ ድግምቱ ሰው አያገኝም ይባላል። ወንዶቹ የዓለም ስማቸውን በግብር ደረሰኝ ላይ ሲያዩት ስለኖሩ አልተሳሳቱም። የሴቶቹ ስም ግን በዕድሜያቸው ወረቀት ላይ ከሰፈረ የሰፈረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቄሱ በጸሎት እንዲያስባቸው በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጣጥፎ ሲሰጥ። እሱ ደግሞ የክርስትና ስም ነው።

ባንችይርጋ እርሳሷን ይዛ ብዙ ቆየች። ይህች ወረቀት የልጇን ዕድል ይዛ ነው የምትሄደው፤ እግዚሐር ደግሞ እሷን በባንችይርጋ አያውቃትም። ይታሸጋል ተብሏል። በክንዷ ከለለችና ጻፈች፤ አመተ ጊዮርጊስ። የ«ጊ»ው እግር እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት የበልግ ገብሷን ስታርም አብዱልሀሚድ በድንበሩ ላይ እየተጣደፈ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

«እትየ ባንችይርጋ፣ አመተ ጊዮርጊስ የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?»

ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ያን ስም ከነፍስ አባቷ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራው ሰምታ አታውቅም፤ አሥራ አምስት ዓመት አብሯት የኖረው ደሴ እንኳ አያውቀውም። መጀመሪያ ያየችው የማሳውን ዳር ዳር ነው፤ ሰው አልነበረም።

«አላውቅም» አለች።

«ዘጠና አንድ ሰው አልፎልን ነበር» አለ አብዱልሀሚድ። «ነበር» ያላት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረች። «ከአውራጃ የተላከው ጓድ አለሜ የሚባል ሰው ወረቀቶቹን ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር አሥራ ዘጠኙ ላይ ያሉት ስሞች መዝገብ ውስጥ የሉም። መዝገብ ውስጥ ያሉ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ደግሞ ወረቀት የላቸውም። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም መነኩሲቶች አምጥተህ በሴቶቹ ፈንታ አስፈትነሃል አለኝ፤ በሊቀ መንበሩና በኮሚቴው ፊት።»

«መነኩሲቶች» አለች ባንችይርጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

«የክርስትና ስም ይሆናል ያሉኝ ሰዎች አሉ። እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም። ግን ባለቤት የሌለው ወረቀት አይቆጠርም ነው የሚል። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ባለቤቶቹ ተነሥተው የኔ ነው ካላሉ የሚቀረን ሰባ ሁለት ሰው ነው። ቆርቆሮውም መምህራኑም ለሌላ ቀበሌ ይሰጣሉ። እኔም...» አለና ተወው።

«ሴቶቹ ለሰውየው ለብቻው ቢነግሩትስ?» አለች፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሁሉ።

«ለምኜዋለሁ፣ ወላሂ። ክሱ በሰው ፊት ስለተነገረ መልሱም በሰው ፊት ይሁን፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝ አለኝ።»

ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አብዱልሀሚድ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ጓድ አለሜ ባለቤቷን ፈልግ ብሎ የሰጠው የፈተና ወረቀት ነበር። ጣቱን አንድ ፊደል ላይ አኖረ።

«የዚህችን ጊ እግር እንዲህ አርዝማ የምትጽፍ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሦስት ወር ሙሉ አሳጥሪው ስላት ነበር።»

«እኔ አይደለሁም፣ መምህር» አለችና ጎንበስ አለች። እሱም ወረቀቱን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ። አረሙን ትታ ገብሱን ስትነቅል እንደነበር ያየችው ከሄደ በኋላ ነው።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ያሉት አራት ቀናት አላለቅ አሉ። ምንጭ ላይ አስቻለችን አገኘቻት። አስቻለች ልጇን አዝላ እንስራዋን ከምንጩ አፍ ሥር ደግና ነበር፤ ዞር ብላም አላየቻትም።

«መምህሩ መጥቶ ጠየቀሽ?» አለች አስቻለች።

«መጥቶ ነበር።»

«እኔንም። አላውቅም አልሁት። ሞቼ ነው የምናገር፤ ያውም ያ ደብተራ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጦ። ልጅ ያዘልሁ ሰው ነኝ።»

ሁለቱም የጻፉትን ስም እርስ በርስ አልተነጋገሩም። እንዲያ ያለ ጓደኝነት የለም።

የነፍስ አባቷንም ሄዳ ጠየቀቻቸው። «እግዚሐር የጠበቀሽን ደብተራ ምን ያደርግሻል፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። ቃላቸው መልካም ነበር፤ ግን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩንም ገርበብ አድርገው ነበር። ባንችይርጋ ስትገባ ከፈራችው የባሰ ፈርታ ወጣች።

ዓርብ ደሴ ሞፈሩን እየጠረበ ሳያያት ተናገረ። «ሰው ሁሉ አምስተኛ አይከፈትም ይላል። ሽማግሎቹ እሑድ እንመጣለን ብለዋል።»

«እስከ ሰኔ ብለሃቸው የለም?»

«ትምህርት ቤቱ ካልሆነ ሰኔ ምን ያመጣል? ደብተራውን ደግሞ ደጋግሞ መመለስ ጥሩ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የጨነቃትም ይኸው ነው። ዝም ብትል ልጇ እሱ ቤት ትገባለች። ብትናገር ደግሞ የዚያን ሰው ጋብቻ የገፋች ሴት በገዛ አፏ ስሟን ሰጠችው ማለት ነው። ቤት ውስጥ ደብሪቱ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስለ ቅጠል ምግብ አሠራር ድምፅ እያሰማች ታነባለች። እናትየው ብትሰማትም አንዱም ቃል አልገባ አላት።

ቅዳሜ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ዳስ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ከኋላ ቆሙ። ጓድ አለሜ ካኪ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሳቅ የሌለበት ሰው ነበር። ክፉ ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ የተላከው እንዲጠራጠር ነው፤ ተጠራጠረ። በስተግራው ደብተራ ወልደ ሰንበት መዝገቡን ገልጦ ተቀምጧል።

ጓድ አለሜ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ። አመተ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ነበር። እያንዳንዱን ስም ሲጠራ ቀና ብሎ ይጠብቃል፤ መልስ የለም። አሥራ ዘጠኙም አለቁ። ዳሱ ውስጥ የሚሰማው የአስቻለች ልጅ ሲጠባ ብቻ ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ።

«እንግዲህ፣ መምህር» አለ ጓድ አለሜ ወደ አብዱልሀሚድ ዞሮ። «የእነዚህ ስሞች ባለቤት ካንተ በቀር የለም ማለት ነው።» አብዱልሀሚድ እንዳያጋልጣቸው ጥርሱን ነክሶ ቆሞ ነበር፤ አሥራ ዘጠኙንም በእጅ ጽሑፋቸው ለይቶ ሊጠቁም ይችል ነበር እኮ።

ባንችይርጋ ወደ ኋላ ዞር አለች። ደብሪቱ ከተማሪዎቹ መካከል ቆማ ወንዶቹ ወዳሉበት ታያለች። ያየችውን ስትከተል የደብተራውን የእኅት ልጅ አገኘች፤ ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ጢም ያወጣ ጎረምሳ። የልጅቱ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

እናትየው ተነሣች። የፊቷን ሴት ትከሻ ያዘች።

«ያች ወረቀት የኔ ናት።»

«የትኛዋ?» አለ ጓድ አለሜ።

«የመጀመሪያዋ።»

«አንች ማን ነሽ?»

«በመዝገብ ባንችይርጋ ነኝ።»

«በወረቀቷስ?»

የደብተራው ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «አመተ ጊዮርጊስ» አለች።

በሴቶቹ መካከል ትንፋሽ ተሳበ። ደሴ አንገቱን ደፋ። ወልደ ሰንበት ጻፈ፤ ቀስ ብሎ፣ በዚያ በሚያምር እጁ፣ ፊደል በፊደል።

ጓድ አለሜ ጠመኔ ሰጣትና «ሰሌዳው ላይ ጻፊው» አላት። ጻፈች። የ«ጊ»ው እግር ከሰሌዳው ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሰውየው ወረቀቷን ከሰሌዳው ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየ፤ ከዚያ ወረቀቷን ወደ ሌላ ወገን አኖራት። «አንድ» አለ። «አሥራ ሦስት ያስፈልጋል።»

ሁለተኛዋ ስትነሣ ባንችይርጋ አላየችም፤ ሰሌዳውን እያየች ቆማ ነበር። ሦስተኛዋም ተነሣች፤ አራተኛዋም። አንዳንዷ ስሟን በሹክሹክታ ትናገርና ጓድ አለሜ «አልሰማሁም» ሲል ታለቅሳለች። አንዷ ባሏ «ተቀመጭ» ሲላት እንዳልሰማች ሆነች። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ።

ቆመና ቆየ። ጓድ አለሜ ሰዓቱን አየ። ባንችይርጋ አስቻለችን አየቻት፤ አስቻለች ልጇን ታቅፋ ወደ ሌላ ታያለች። ስሜን ሰጥቼ ልጄም አልዳነች ማለት ነው፣ ብላ አሰበች ባንችይርጋ፤ ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣባት፤ እስካሁን የፈራችው ሁሉ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

አስቻለች ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጠች። «ያዥልኝ» አለች፣ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር። ስሟን አልተናገረችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤ ጠመኔውን ጣለችና ተመልሳ ልጇን ተቀበለች።

«አሥራ ሦስት» አለ ጓድ አለሜ።

የቀሩት ስድስት ሴቶች አልተነሡም፤ ማንም አልጠየቃቸው። እነማን እንደሆኑ ዛሬም በሰነድ አልተያዘም። ሰውየው ፊርማውን አኖረ፤ ማኅተሙን መታ፤ አምስተኛ ክፍል በመስከረም ይከፈታል አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። አብዱልሀሚድ ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ባንችይርጋ ግን ደስታው አልመጣ አላት፤ ሰው ፊት ልብሷ የወለቀ ያህል ነጠላዋን እየደጋገመች ትሰበስብ ነበር።

ሕዝቡ ሳይበተን የአምስተኛ ክፍል ምዝገባ ይጀመር ተባለ። ወላጆች ከጠረጴዛው ፊት ተሰለፉ። ደሴ ከሰልፉ ራቅ ብሎ ከሽማግሎቹ ካንዱ ጋር ቆሞ ያወራል፤ ራሱን ግን ሲነቀንቅ አየችው፤ እንቢታ ነበር። እሷ ልጇን እጇን ይዛ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ወልደ ሰንበት አዲስ ገጽ ገለጠ።

«ልጅሽ ማን ትባላለች?»

«ደብሪቱ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ። ፈገግ አላለም፤ ቁጣም አልነበረበትም። «ለመዝገቡ ነው። የዛሬው ዓይነት ጣጣ እንዳይመጣ ሙሉ ስሟን ንገሪኝ።»

ምን ማለቱ ነበር? ምናልባት ምንም፤ የጸሐፊ ጥያቄ ብቻ። ምናልባትም ሌላ። ባንችይርጋ ይህን ለማወቅ የሚያስችል ፊት አላገኘችበትም። የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ደብሪቱ በሰማንያ ቀኗ የተሰጣት ስም ምላሷ ሥር አለ፤ ከሷ ሌላ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ደብሪቱ ደሴ» አለች። «ሌላ ስም የላትም፣ አያ ወልደ ሰንበት።»

በእግዚሐር ፊት ውሸት ነበር፤ ልጇን እንዳልተጠመቀች አድርጋ መናገሯ ነበር። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ደብተራው ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው።

«ይጻፉት» አለች፤ «እያየሁ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች፤ ራሷ መዝገቡ ላይ ጥላ እስኪጥል ድረስ። እሱ ሲጽፍ እሷ በከንፈሯ ተከተለችው፤ ደ፣ ብ፣ ሪ፣ ቱ። ከዚያ የአባቷን ስም፤ ከዚያ አምስተኛ ክፍል። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አነበበችው። ብዕሩን አንሥቶ ወደሚቀጥለው መስመር እስኪወርድ ድረስ ከጠረጴዛው አልራቀችም፤ ከኋላዋ የተሰለፉትም ጠበቋት።